ሦስተኛው ፎቅ ሊለቀቅ ነው፤ ከመደርደሪያው ምን ይቅር፣ ምን ይውጣ?

የሰርኩሌሽኗ ልጅ
ግንቦት 11፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለሁላችሁ። መሀል አዲስ አበባ፣ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ መጽሐፍ በውሰት በሚሰጥበት በሰርኩሌሽን ክፍል እሠራለሁ። የተቋሙን ስም መጥራት አልፈልግም። ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ የተመላለሰ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ቤት ያውቀዋል። ረጃጅም መስኮት፣ የብረት መደርደሪያ፣ ፈተና ሲቃረብ ገና በጠዋቱ በር ላይ ሰልፍ።

ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ተጠራን። ሦስተኛው ፎቅ በክረምቱ ይለቀቃል ተባለ። መደርደሪያው ይነሣና ኮምፒዩተርና የቡድን ማጥኛ ጠረጴዛ ይገባበታል። ሐሳቡ ያለ ምክንያት አልመጣም። ቦታ አጥቶ ደረጃ ላይ ተቀምጦ የሚያነብ ልጅ በየቀኑ አያለሁ። እዚያ ፎቅ ላይ ካሉት መጻሕፍት ደግሞ ለዓመታት ማንም ያልነካቸው ብዙ ናቸው።

ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። እዚያ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በአንድ ጥግ ከውጭ በስጦታ የመጣ የድሮ የኬሚስትሪ መማሪያ አለ፣ ያው መጽሐፍ አሥር ጊዜ ተደርድሮ። በሌላው ጥግ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሲኒየር ኤሴይና ቴሲስ አለ፣ በታይፕ የተመታ፣ ጀርባው በጨርቅ የተጠረዘ። ከዚያ ቀጥሎ የሴሚናር ጽሑፎች፣ የመሥሪያ ቤት ሪፖርቶች፣ ሁለት ሦስት እትም ወጥተው የቆሙ መጽሔቶች። ከነዚህ አንዳንዶቹ ኮምፒዩተሩ ላይ ጭራሽ አልተመዘገቡም።

የተሰጠን መመሪያ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «በ5 ዓመት ውስጥ በውሰት ያልወጣ ይወገድ።» ዝርዝሩን እንዳዘጋጅ የተመደብኩት እኔ ነኝ። እስከ ሰኔ መጨረሻ ጊዜ አለኝ። እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምሩ ነበር?

3ኛ ዓመት ሲቪል
ግንቦት 11፣ ከምሽቱ 2፡05

እህቴ፣ እኔ ከተማሪው ወገን ልናገር። ፎቁ ይለቀቅ። የምንማርበት ዋና መጽሐፍ ላይብረሪያችን ውስጥ ያለው 3 ኮፒ ነው። ሪዘርቭ ስለሆነ ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚሰጠው። እኛ ደግሞ ከ60 በላይ ነን። ፒዲኤፉ ግን ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ቀን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ተለቋል። ሁላችንም ስልክ ላይ አለ። ታዲያ መደርደሪያው ለማን ነው?

እኔ የምፈልገው ወንበር ያለበት፣ መብራት የማይጠፋበት፣ ጸጥ ያለ ቦታ ነው። ጓደኞቼ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄደው የሚውሉት ለዚህ ነው።

ዝምተኛው አንባቢ
ግንቦት 11፣ ከምሽቱ 3፡30

ሲቪል፣ ስለ መማሪያ መጽሐፍ ያልከው ልክ ነው። ሲኒየር ኤሴይ ግን ቴሌግራም ላይ የለም።

የታሪክ ፒኤችዲ ተማሪ ነኝ። አምና ስለ አንዲት የገበያ ከተማ ሳጠና በ1970ዎቹ የተጻፈ አንድ ሲኒየር ኤሴይ እጄ ገባ። የተመራቂ ተማሪ ሥራ ስለሆነ ትንታኔው ያን ያህል አይደለም። መጨረሻው ላይ ግን የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር አለ። ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን። 80 ዓመት ያለፋቸው ነበሩበት። የዓድዋን ዘመቻ ከአባታቸው አፍ የሰሙ ሰዎች ማለት ነው። ዛሬ እነዚያን ሽማግሌዎች የት ሄጄ ልጠይቃቸው? የተናገሩት ነገር የተረፈው በዚያ በታይፕ በተመታ ወረቀት ላይ ነው። የዚያ ተማሪ አማካሪ እንኳ ይህን ያህል ዋጋ ይኖረዋል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም።

አሁን መመሪያችሁን እዪው። ይህ ጽሑፍ በ5 ዓመት ውስጥ በውሰት አልወጣም። እንዴት ይውጣ? ቴሲስ እኮ በውሰት አይሰጥም! እዚያው ተቀምጦ ነው የሚነበበው። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተቀምጬበታለሁ፤ የውሰት መዝገቡ ላይ ግን ዜሮ ነው። በዚህ መመሪያ ከሄዳችሁ ቴሲሱ በሙሉ ከመጀመሪያዎቹ ተሰናባቾች ጋር ይሄዳል።

የሰርኩሌሽኗ ልጅ
ግንቦት 11፣ ከምሽቱ 3፡48

ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። እውነትህን ነው። ሪፈረንሱም፣ ቴሲሱም፣ መጽሔቱም እዚያው የሚነበብ ነው። ኮምፒዩተሩ የሚቆጥረው በእኔ ዴስክ በኩል የወጣውን ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ለኃላፊዬ ይህንኑ በጽሑፍ አቀርባለሁ።

የካርድ ዘመን
ግንቦት 12፣ ከጠዋቱ 12፡20

ልጄ፣ በመጀመሪያ አትሸበሪ። መጽሐፍ ማስወገድ ከሙያችን አንዱ ክፍል ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በቤተ መጻሕፍት ሥራ ነው የኖርኩት። ስገባ ካታሎጉ፣ የመጻሕፍቱ መዝገብ ማለት ነው፣ በመሳቢያ ውስጥ የተደረደረ ካርድ ነበር።

በእኛ ጊዜ የአንድ ቤተ መጻሕፍት ክብር በጥራዝ ብዛት ነበር። የዓመቱ ሪፖርት የሚጀምረው ይህን ያህል ሺህ ጥራዝ ደርሰናል ብሎ ነው። ስለዚህ ከውጭ በካርቶን የተላከ ስጦታ አይመለስም። ይጠቅማል አይጠቅምም ብሎ የሚጠይቅም አልነበረም። ያ አሥር ኮፒ የኬሚስትሪ መጽሐፍ የገባው እንዲያ ነው። እሱን ለማውጣት እጅሽ አይንቀጥቀጥ። ያው መጽሐፍ በዓለም ላይ በሺህ ቦታ አለ፤ አዲሱ እትምም በኮምፒዩተር ይገኛል።

እያንዳንዱን ጥራዝ ስታነሺ ግን አንድ ነገር ጠይቂ። ይህ ከእኛ ቤት ቢጠፋ ሌላ የት ይገኛል? አገር ውስጥ የታተመ መጽሐፍ ቢያንስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወመዘክር፣ የመገኘት ዕድል አለው። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ቤት ነው፤ አሳታሚዎችም ቅጂ እንዲያስገቡ የሚያስገድድ ሕግ አለ። ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። በ1963 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ጀምሮ ሥራው ይኸው ነው፤ ሄደሽ ካታሎጋቸውን ማመሳከር ትችያለሽ። ሲኒየር ኤሴይ ግን አሳታሚ የለውም። ሦስት ወይም አራት ኮፒ ይጠረዛል። አንዱ ለአማካሪው፣ አንዱ ለዲፓርትመንቱ፣ አንዱ ለእናንተ። አማካሪው ቤት የገባው ከአማካሪው ጋር ይሄዳል። የዲፓርትመንቱ ደግሞ ቢሮ በተቀየረ ቁጥር ይጠፋል። ብዙ ጊዜ የሚተርፈው የእናንተ ኮፒ ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የድሮው የካርድ መሳቢያ አሁንም ካለ እንዳይጣል። ካርድ ስንጽፍ ጀርባው ላይ ማስታወሻ እንጽፍ ነበር። መጽሐፉን ማን እንደሰጠ፣ ስንት ገጽ እንደጎደለው፣ ደራሲው በሌላ ስም ይጻፍ እንደነበር። ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር የተገለበጠው ፊቱ ብቻ ነው።

የሰርኩሌሽኗ ልጅ
ግንቦት 12፣ ከጠዋቱ 2፡10

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የካርዱ መሳቢያ አለ። እዚያው ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ነው። የሚጣል ዕቃ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነበር። ዛሬ አስወጣዋለሁ።

ተረኛዋ
ግንቦት 12፣ ከቀኑ 8፡15

ሐኪም ነኝ፤ ስፔሻላይዝ እያደረግሁ ነው። የሕክምና ክፍል ካላችሁ እዚያ አትራሩ። የድሮ የመድኃኒት መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ መቀመጡ ራሱ አደጋ አለው። የመድኃኒት መጠን ይቀየራል። ትናንት ይታዘዝ የነበረው ዛሬ የተከለከለ ሊሆን ይችላል። አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ አቧራውን አራግፎ ቢያነበው ማን ይጠየቃል?

እኛ ጋ የወረቀት ጆርናል የሚፈልግ ሰው ካየሁ ቆየሁ። በዓለም ጤና ድርጅት በኩል የሚሰጠው፣ የሕክምና ጆርናሎችን በኢንተርኔት የሚያስነብበው ሂናሪ አለ። በ2002 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው፤ ኢትዮጵያም በነፃ ከሚያገኙት አገሮች ምድብ ውስጥ ናት። ተረኛ ሆኜ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግራ የሚያጋባ ታካሚ ሲገጥመኝ ከፍቼ አነባለሁ። በአገራችን ደመወዝ አንዱን ጽሑፍ እንኳ ከኪሴ ከፍዬ ማንበብ አልችልም ነበር። የሚያሳዝነኝ የማያውቁት ብዛት ነው። የይለፍ ቃሉ የሚሰጠው ለተቋሙ ነው። አንዳንድ ቦታ ላይብረሪያኑ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበት ይኖራል። አደራሽን፣ አንቺ በር ላይ ለጥፊው ባልልም ለጠየቀሽ ሁሉ ስጪ።

የሕግ መምህርት
ግንቦት 12፣ ከምሽቱ 1፡00

ተረኛዋ ያለችው ለሕክምና ልክ ነው፤ ለሕግ ግን ተቃራኒው ነው የሚሠራው። እኛ ጋ የተሻረ ሕግም ያስፈልጋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዛሬም ይሠራል። ስለ ቤተሰብ የሚናገረው ክፍሉ በፌዴራል ደረጃ በ1992 ዓ.ም. ተተክቷል። ከዚያ በፊት ስለተፈጸመ ጋብቻ ክርክር ሲነሣ ግን ዳኛው የድሮውንም መክፈት ሊኖርበት ይችላል። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው ነጋሪት ጋዜጣ የተሟላ ጥራዝ ካላችሁ አንድ ቅጠል እንዳይጎድል። ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው ስካን ገጽ የዘለለ፣ የአማርኛው ዓምድ የደበዘዘ ነው። ተማሪዎቼ በዚያ ምክንያት የተሳሳተ ቁጥር ሲጠቅሱ በየሴሚስተሩ አርማለሁ። ስለዚህ አንድ መመሪያ ለሁሉም ትምህርት ክፍል አይሠራም። ከመምህራኑ ጋር በየክፍሉ ተነጋገሪ።

ወደ ዲጂታል ስትቀይሪም የቅጂ መብትን አስቢ። አዋጅ 410/1996 ቤተ መጻሕፍት ለማቆየት ሲል ለሚቀዳው ልዩ ሁኔታ አለው። ቀድቶ ማቆየትና ለዓለም መልቀቅ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቴሲሱን የጻፈው ሰው መብት አለው። አሁን የሚመረቁትን ሲያስረክቡ ፈቃድ አስፈርሚ። ለድሮዎቹ ስልካቸውን ፈልጊና ጠይቂ፤ አብዛኞቹ በደስታ ነው የሚፈቅዱት። የእኔን የማስተርስ ሥራ ሲጠይቁኝ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ምርምር ለሁሉም ክፍት እንዲሆን የሚያዝ አገራዊ ፖሊሲም በ2019 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ኃላፊዎችሽን ለማሳመን ይጠቅምሻል።

3ኛ ዓመት ሲቪል
ግንቦት 12፣ ከምሽቱ 1፡25

ስለ ሽማግሌዎቹ ያነበብኩት ነክቶኛል። አያቴም ብዙ ይነግረኝ ነበር፤ አንዱንም አልቀዳሁትም። ግን ልጠይቅ፣ ቴሲሱ ስካን ከተደረገ በኋላ ወረቀቱ ለምን ይቀመጣል? ቦታው ይለቀቃል፣ ጽሑፉም አይጠፋም።

ኬብል
ግንቦት 12፣ ከምሽቱ 4፡50

ሲቪል ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ። በላይብረሪ ሲስተም ላይ ለዓመታት ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገራችሁ። ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ስለምንከፍልባቸው የኦንላይን ጆርናል ዳታቤዞች። መጽሐፍ ስትገዙ መጽሐፉ የእናንተ ነው። ለዳታቤዝ ስትከፍሉ ግን የምትይዙት የመግቢያ ፈቃድ ነው፤ የቤት ኪራይ በሉት። ክፍያው በቆመ ቀን በሩ ይዘጋል። ውሉ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ አምናና ካቻምና የከፈላችሁባቸው እትሞችም አብረው ይሄዳሉ። ኪራዩ ደግሞ በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው አሠራር ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያው ጆርናል፣ ያው ዋጋ፣ በብር ግን ወደ እጥፍ ተጠጋ። በጀቱ ግን በእጥፍ አላደገም። ስለዚህ የወረቀት መጽሔት ስታስወግዱ፣ ኦንላይን አለ የምትሉት ነገር በማን እጅ እንዳለ መጀመሪያ ውሉን አንብቡ። በነፃ የተሰጠንም ቢሆን ሰጪው እስከፈቀደ ድረስ ነው።

የራሳችንን ነገር ሳይቀር እንዲህ ነው የምናነበው። ጆርናል ኦቭ ኢትዮፒያን ስተዲስ በ1963 እ.ኤ.አ. እዚሁ ስድስት ኪሎ የተጀመረ መጽሔት ነው። ዛሬ የድሮ እትሙን የሚፈልግ ተማሪ የሚሄደው ጄስቶር የሚባል የውጭ ድረ ገጽ ላይ ነው። መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን ሰኔ መጨረሻ 2012 ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ ያ ሁሉ ተዘጋ። በግቢ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ፋይል ግን በግቢው ኔትወርክ ይከፈት ነበር። የዚያን ጊዜ ነው የአገር ውስጥ ሪፖዚተሪ፣ የዲጂታል ጽሑፍ ማከማቻ፣ ለምን እንደሚያስፈልግ በደንብ የገባኝ። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው። ለማከማቻው ዲስፔስ አለ፤ የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲና የኮምፒዩተር ኩባንያው ኤችፒ በ2002 እ.ኤ.አ. የለቀቁት ነው። ለካታሎጉ ኒውዚላንድ የተሠራው ኮሃ አለ። በማኦሪ ቋንቋ «ስጦታ» ማለት ነው።

አሁን ወደ ሲቪል ጥያቄ። ስካን ማድረግ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ፣ ኮምፒዩተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ሥርዓት፣ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ቴሲስ ሲጻፍ የኖረው በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ነው። የድሮዎቹ ፎንቶች በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የእኛን ፊደል ሥዕል አስቀምጠው ነው የሚሠሩት። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ፋይሉን ስትከፍቱት የሚወጣው ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ነው። ከ20 ዓመት በፊት «ዲጂታል አድርገነዋል» ተብሎ በሲዲ የተቀመጠ አይቻለሁ። ግማሹ ሲዲ አልተነበበም። የተነበበውም እንዲህ ያለ ክምር ሆኖ ወጣ። ያዳነን ወረቀቱ ነው። መደርደሪያ ላይ ነበር፤ እንደገና ስካን አደረግነው።

ከዚያ ፍለጋው ይመጣል። «ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን ስንት ዓይነት መጻፍ ይቻላል? ሥ በሁለት፣ ጽ በሁለት፣ ሑ በሦስት። 12 ነው። ሁለቱን ቃል አጣብቆ የሚጽፍ ሲጨመር 24። ሲስተሙ እነዚህ አንድ መሆናቸውን ካልተነገረው ተማሪው በአንዱ ፈልጎ «የለም» ይባላል። ጽሑፉ ግን በሌላው ፊደል ተቀምጧል። የስም ነገርም አለ። እኛ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። የውጭ ሲስተም የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን ይገለብጥና «ዘውዴ» ሥር ያስገባዋል። አንዱ ላይብረሪ ገልብጦ፣ ሌላው ሳይገለብጥ ሲመዘግብ አንድ ሰው ሁለት ደራሲ ይሆናል። ዘመኑም እንደዚሁ። ሽፋኑ ላይ 1985 ይላል፤ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. አይልም። ስታስገቡ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ትስታላችሁ። ይህን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ ላይብረሪያን ውጭ አገር የለም። እናንተው ናችሁ።

ፋይሉን ደግሞ ሦስት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከግቢ ውጭ ይሁን። አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ያለ ነገር ነገ እንደሌለ ቁጠሩት።

በጆሮዬ አነባለሁ
ግንቦት 13፣ ከጠዋቱ 3፡00

ዓይነ ስውር ነኝ። የማስተርስ ዲግሪዬን የሠራሁት በስክሪን ሪደር፣ ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብልኝ ፕሮግራም፣ እያነበብኩ ነው። ኬብል ባለው ላይ አንድ ልጨምር።

ስካን የተደረገ ገጽ ለእናንተ ጽሑፍ ነው፤ ለእኔ ግን ፎቶ ነው። ማሽኔ ከፍቶት «ባዶ ገጽ» ይለኛል። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሲሆን ወደ ፊደል የሚቀይረው ሶፍትዌር በደንብ ይሠራል። ለአማርኛም አለ፣ ቴሰራክት የሚባለው ሶፍትዌር ያውቀዋል፤ በታይፕና በደበዘዘ ወረቀት ላይ ግን ብዙ ይሳሳታል። ስለዚህ ሰው ቁጭ ብሎ ማረም አለበት። ለማስተርሴ ያስፈለጉኝን ሁለት የአማርኛ ቴሲሶች ያነበበችልኝ እህቴ ናት። ከሥራ መጥታ ማታ ማታ፣ አንድ ወር ሙሉ።

ሁሉንም ማረም እንደማይቻል አውቃለሁ። ቢያንስ አሁን የሚያስረክቡትን ተማሪዎች የዎርዱን ፋይል ጭምር ተቀበሉ፣ በዩኒኮድ የተጻፈ። ያ ምንም ወጪ የለውም።

ዝምተኛው አንባቢ
ግንቦት 13፣ ከጠዋቱ 4፡20

በጆሮዬ፣ እህትሽን አመስግኚልኝ። የእኔን ንባብ ጮክ ብዬ ባደርገው ኖሮ ሌላ ሰው ይጠቀምበት እንደነበር እስከ ዛሬ አስቤው አላውቅም።

ወረቀቱና ቅጂው ስለሚባለው ነገር እኔ ሁልጊዜ የማስበው የማይክሮፊልሙን ሥራ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የብራና መጻሕፍትን ከየገዳሙና ከየቤተ ክርስቲያኑ ወደ ፊልም መቅዳት ተጀመረ። ለ20 ዓመት ያህል ተሠርቶ ከ9,000 በላይ ብራና ተቀዳ። አንድ ቅጂ እዚህ አዲስ አበባ ቀረ፣ አንዱ አሜሪካ ሚኒሶታ ሄደ። እዚያ የግዕዝ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ዓመታት ተቀምጦ ካታሎግ ሠራለት። ያ ካታሎግ ባይኖር 9,000 ጥቅል ፊልም ምን ይሠራል? በየትኛው ጥቅል ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ዛሬ ብዙው በኢንተርኔት የሚታየው በዚያ ድካም ነው። ፊልሙ ስላለ ግን ብራናው ይጣል ያለ ሰው አልነበረም። ቀለሙን፣ የቆዳ ሽፋኑን ድጉስ፣ በኅዳጉ ላይ በሌላ እጅ የተጻፈውን የመሬት ስጦታ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሁልጊዜ አያሳይም።

ሲኒየር ኤሴይን ከብራና ጋር ማወዳደሬ እንዳይገርማችሁ። ያገኘሁት ጽሑፍ ኅዳግ ላይ የአማካሪው የእጅ ጽሑፍ ነበረበት። «ይህን ከማን ሰማህ?» ይላል።

3ኛ ዓመት ሲቪል
ግንቦት 13፣ ከጠዋቱ 4፡41

ገብቶኛል። ቴሲሱ ይቅር። ኬሚስትሪው ይውጣና እኛ እንግባ።

መጽሐፍ ነጋዴ
ግንቦት 14፣ ከምሽቱ 2፡30

ውይይቱን ዛሬ ነው ያየሁት። አራት ኪሎ አካባቢ ያገለገለ መጽሐፍ እሸጣለሁ። «ይወገድ» የተባለ ነገር የት እንደሚደርስ ልንገራችሁ።

በኪሎ የሚሸጥ ወረቀት የሚያመላልሱ ልጆች አሉ። ይጠቅማል ያሉትን መጀመሪያ ለእኛ ያሳያሉ። ከሁለት ዓመት በፊት አንዱ ልጅ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ አመጣልኝ። ስከፍተው ቴሲስ ነው። የቤተ መጻሕፍት ማኅተም አለበት። የተቋሙን ስም እዚህ አልጽፍም። በዚያን ቀን የያዝኩት ገንዘብ ትንሽ ነበር፣ ቴሲስ ደግሞ ገዢ የለውም። አንዱን ማዳበሪያ ብቻ መርጬ 14 ጥራዝ አስቀረሁ። የቀረው ሄደ። በሳምንቱ ከጉልት ቆሎ ስገዛ በምን ተጠቅልሎ እንደመጣልኝ ልትገምቱ ትችላላችሁ። ገጹ ላይ ሠንጠረዥ ነበረበት። አንድ ልጅ ስንት ቤት ለቤት ዞሮ የሰበሰበው ቁጥር ይሆን እያልኩ ቆሎውን መብላት አቃተኝ።

14ቱ እስካሁን አሉ። ላስቲክ አልብሼ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። አልሸጥኳቸውም። የሰርኩሌሽኗ፣ የናንተ ከሆኑ መጥተሽ እያቸው። ገንዘብ አልፈልግም።

የሰርኩሌሽኗ ልጅ
ግንቦት 14፣ ከምሽቱ 2፡34

ነገ ከሥራ እንደወጣሁ እመጣለሁ። የውስጥ መልእክት ላይ አድራሻህን ጣልልኝ።

የሰርኩሌሽኗ ልጅ
ሰኔ 9፣ ከምሽቱ 3፡15

ዘገየሁ፣ ይቅርታ። ብዙ ነገር ስለነበረ ነው። በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ደብዳቤውን አስገባሁ። ቴሲስና ሪፈረንስ በውሰት እንደማይሰጥ ስጽፍ ኃላፊዬ ራሱ አንብቦ ዝም አለ። ከዚያ መመሪያው ተቀየረ። አሁን የሚለው «ከተቋሙ ውጭ የማይገኝ ማንኛውም ጽሑፍ አይወገድም» ነው። የሕግ መምህርት እንዳለችውም በየትምህርት ክፍሉ አንድ መምህር ተመድቦ ዝርዝሩን እያየ ይፈርማል። የሕክምናውን ሰዎች ማሳመን አላስፈለገኝም፤ ራሳቸው በሁለት ቀን ጨረሱት። ኬሚስትሪው ሄዷል፤ ሁለት ኮፒ አስቀርቻለሁ። የታሪክ ክፍሉ ግን ገና ግማሽ አልደረሰም። እያንዳንዱን ሲከፍቱ ቁጭ ብለው ያነባሉ።

ሁሉም ነገር አልተሳካም። ስካነር አንድ ብቻ ነው የተሰጠን፣ እሱም ከሌላ ቢሮ የተዋስነው ነው። የሴሚናር ጽሑፎቹ ውስጥ አንድ ሙሉ ካርቶን ውኃ ገብቶበት ገጹ ተጣብቆ አገኘሁት። መቼ እንደሆነ እንኳ የሚያውቅ ሰው የለም። እሱን ያየሁ ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አራት ኪሎም ሄጃለሁ። ነጋዴው 14ቱን ጥራዝ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ፣ ሻይ አስቀርቦ ጠበቀኝ። ማኅተሙን ሳይ እጄ ቀዘቀዘ። የእኛው ናቸው። መቼና በማን ውሳኔ እንደወጡ እስከ አሁን አላወቅሁም። ኮምፒዩተሩ ላይ ፈለግኋቸው፤ አንዳቸውም የሉም። እንዳልነበሩ ናቸው። ከዚያ ጋሼ የነገሩኝ ትዝ አለኝና የካርዱን መሳቢያ ከፈትኩ። የዘጠኙ ካርድ አለ። አንዱ ጀርባ ላይ በሰማያዊ ቀለም «ካርታው በኪስ ውስጥ ነው» ይላል። ጥራዙን አገላበጥኩት። ከኋላው ሽፋን ውስጥ ኪስ አለው፤ በእጅ የተሣለ የአንድ ወንዝ ካርታ እጥፍ ብሎ ተቀምጦበታል።

አሁን እየሠራሁ ያለሁት ካርዱን በሙሉ ከመደርደሪያው ጋር ማመሳከር ነው። ካርድ ያለው፣ መጽሐፉ የሌለው ስንት እንደሆነ ገና አልጨረስኩም። እስካሁን በቆጠርኩት 200 አልፏል። ዝርዝሩን ለነጋዴው ሰጥቼዋለሁ፤ ለጓደኞቹም እያዞረ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በግቢው ፈቃድ በጎ ፈቃደኞች ገብተው ሊያግዙን ይችላሉ። ካርድ የሚያነብ፣ ርእስና ስም በዩኒኮድ የሚጽፍ፣ ዓመቱን የሚያጣራ ሰው እፈልጋለሁ።

3ኛ ዓመት ሲቪል
ሰኔ 9፣ ከምሽቱ 3፡22

ፈተና ሐሙስ እጨርሳለሁ። ቅዳሜ ሁለት ጓደኞቼን ይዤ እመጣለሁ። ላፕቶፕ እንያዝ?

በጆሮዬ አነባለሁ
ሰኔ 9፣ ከምሽቱ 3፡40

እኔም እመጣለሁ። የተስተካከለውን ፋይል በማሽኔ ከፍቼ ማዳመጥ እችላለሁ። የተሳሳተ ፊደል በጆሮ ቶሎ ነው የሚታወቀው።

ኬብል
ሰኔ 9፣ ከምሽቱ 4፡02

የፊደሎቹን ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ እልክልሻለሁ፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሁሉ እንደ አንድ እንዲፈለጉ። ቅዳሜ መጥቼ ሲስተሙ ላይ አስገባልሻለሁ።

የካርድ ዘመን
ሰኔ 10፣ ከጠዋቱ 12፡05

ልጄ፣ «ካርታው በኪስ ውስጥ ነው» የሚለውን ካርድ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። የእጅ ጽሑፉን የማውቀው ይመስለኛል።

መሳቢያውን ደግሞ ከመስኮቱ ሥር አንሡት። ዝናቡ ጀምሯል።